ካምፓላና የሰሊሆም ግንብ

ንባብ፦ ሉቃስ 13፥1-5

በጌታ የተወደዳችሁ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምሽት ትዝ ይላችኋል? ስፔንና ሆላንድ ሲጫወቱ፣ ካምፓላ ውስጥ በኢትዮጵያን ቪሌጅ ሬስቶራንትና በራግቢ ክለብ ሜዳ ኳስ ሲያዩ ከነበሩት ከ70 በላይ ሰዎች በአልሸባብ ቦምብ አለቁ።

አንዳንዱ "እዚያ ምን ወሰዳቸው?" ይላል። ጌታ ግን ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት ያሉትን ነው።

እንግዲህ በሟች ላይ አንፍረድ። ሶማሌ ጎረቤታችንንም "ያው የእነሱ ወገን ነው" አንበል። ሀርጌሳም ጥቅምት 19 ቀን 2001 በአጥፍቶ ጠፊዎች ተመትታ አልቅሳለች። ዛሬ ቂም የያዝንበትን ጎረቤት ሰላም እንበለው፤ ንስሐችን ከደጃፋችን ይጀምር። አሜን።