ቀጥ ያለው ይሸጣል

ደጋን ላይ የባሕር ዛፍ አጣና የሚገዛ ሰው የሚፈልገው አንድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ ያልበዛበት። ነጋዴው ከኮምቦልቻ ወይም ከባቲ ይመጣና ያንን እየመረጠ ያስቆርጣል። ጎባጣው ይቀራል፤ የቀረው ደግሞ ያፈራል። ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆች ሳይንጠላጠሉ ፍሬውን ይለቅሙታል። እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ የሚመጣልኝ ዘር ከዚያ ነው።

የሰፈራችን ሸህ፣ ዛፍም ይዳቀላል፣ ዘሩም ይመረጣል ሲባል ሰምተው፣ «አላህ የፈጠረውን መለወጥ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ፍጥረትን ማስለወጥ ሸይጧን የዛተበት ነገር መሆኑን ቁርኣን ይናገራል። ግን መቼ ሳንመርጥ ኖርን? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ከመጣ ወዲህ በመጥረቢያ እየመረጥን ነው፤ ያውም እያዘቀጥነው። ደህናውን ሸጠን መናኛውን ለዘር እናስቀራለን።

ሸሁ ራሳቸው የሚያስተምሩት ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና ሰዎች የወንዴውን ቴምር አበባ ወደ ሴቴዋ ሲያደርሱ አዩና ብዙም የሚጠቅም እንዳልመሰላቸው ተናገሩ። ሰዎቹ ተዉት፤ ፍሬው ከሳ። ያኔ ነቢዩ የዱንያቸውን ሥራ እነሱ የበለጠ እንደሚያውቁት ነገሯቸው። የዛሬ አዳቃይም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የአንዱን ብናኝ ለሌላው አበባ ያደርሳል፣ ልጆቹን በየአፈሩ ተክሎ ይፈትናል፣ የበረቱትን ያስቀራል።

ሸሁን እውነት አለዎት የምላቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ዛፉን ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረግ ላይ። ብራዚል ውስጥ አራክሩዝ የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከምርጥ ዛፎች ቁጥቋጦ እየቆረጠ፣ ሥር እያስያዘ ሰፊ መሬት ሸፈነ። ዕድገቱ ጉድ ያሰኛል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎቹን የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማት አሸልሟል። እንዲህ በተባዛ ማሳ ግን ጎረቤቱም ያው ራሱ ዛፉ ስለሆነ፣ አንዱን የሚጥል ተባይ ሁሉንም ይጥላል። በ2000 እ.ኤ.አ. መካከለኛው ምሥራቅ ላይ የታየች፣ የባሕር ዛፍን ለጋ ቅጠል የምታሳብጥ ደቃቅ ተርብ አፍሪካ ስትገባ አንዳንዱን የተባዛ ዝርያ ክፉኛ ጎድታ ሌላውን ነካ አድርጋ አልፋለች። አገው ምድር፣ ፋግታ ለኮማም ገበሬው ለከሰል ብሎ መሬቱን ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ከሞላ በኋላ በሽታ ገብቶ ስንቱን ማሳ አደረቀ። ያ እንኳ ከዘር የበቀለ ነበር።

በአንድ ውኃ እየጠጡ ፍሬያቸው ስለሚበላለጥ አዝርዕት ረዕድ ምዕራፍ ላይ የተነገረውን እኔ መደቤ ላይ አያለሁ። ዘሩ ከአንድ እናት፣ አፈሩ አንድ፣ ውኃው አንድ፤ አንዱ ከላስቲኩ ስንዝር ወጥቶ ሲዘናፈል ጎረቤቱ ሁለት ቅጠል ላይ ቆሟል። ቀጫጫውን ለመንቀል እጄ አይሳሳም። ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርግ ቢሉኝ ግን እሺ አልልም።

ደግሞ የኪስ ነገር አለ። ቀጥ ያለው እናት ዛፍ ይሁን ከተባለ ሳይቆረጥ ሊከርም ነው። ለዘካ መናኛውን መርጦ መስጠት ነውር መሆኑን ደጋን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለመሬት ሲሆን ግን መናኛውን እንሰጣታለን። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ባነሳለት፣ «ታዲያ የልጄን ሠርግ በጎባጣው ልደግስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የእሱ ዛፍ ለቀበሌው ሁሉ ዘር የሚሆን ከሆነ ዕዳው ለምን የእሱ ብቻ ይሆናል?

ሸሁ አስበውበት የመስጊዱ ወቅፍ የሆኑት ዛፎች ለዘር ይቆዩ አሉ። ኮሚቴው ደግሞ ለመድረሳው ጣሪያ ይፈልጋቸዋል፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ይከራከሩበታል።