የባልና የሚስት ዕረፍት በገጠር ጎጆ

የሥጋ ድካም በእንቅልፍ ይርቃል፤ የትዳር ድካም ግን በእንቅልፍ ብቻ አይርቅም። ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፥ ከአንድ መሶብ እየበሉ፥ በሥራ ብዛትና በልጆች ዐሳብ ተከፋፍለው፥ የልባቸውን ሳይነጋገሩ ወራት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ከተለመደው ኑሯቸው ጥቂት ፈቀቅ ብለው ለብቻቸው ቢሰነብቱ ይገባልን? ቢገባስ ዕረፍታቸው በእውነት ዕረፍት የሚባለው በምንድን ነው? ይህን ልንመረምር እንወዳለን።

በእንግሊዝ አገር ይህ ልማድ እጅግ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥበት እንዲያርፍ የሚረዳ ሕግ በዚያ ወጣ። በገጠር ያሉ ጎጆዎችም ለዕረፍት በየሳምንቱ ይከራያሉ። በእነዚህ ቤቶች ወጥ ቤትም አሽከርም የለም፤ እንግዶቹ ራሳቸው ስንቃቸውን ይዘው ይገባሉ፥ ያበስላሉ፥ ሳሕናቸውን ያጥባሉ። በ1965 ዓ.ም. ሰር ጆን ስሚዝና ባለቤታቸው ክርስቲያን ላንድማርክ ትረስት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ሊፈርሱ የተቃረቡ ጥንታውያን ቤቶችን እያደሰ ያከራያል፤ በቤቶቹም ቴሌቪዥን አያኖርም። የሚገቡት ሰዎች ከመነጋገር የሚከለክላቸው ነገር አንድ ይቀነስላቸዋል ማለት ነው።

የሙሴ ሕግ አዲስ ሙሽራ አንድ ዓመት ወደ ጦርነት እንዳይወጣ፥ ሌላም ሸክም እንዳይጫንበት ያዝዛል (ዘዳ. 24፥5)። ምክንያቱንም ሲገልጥ ያገባትን ሚስት ደስ ያሰኝ ዘንድ ነው ይላል። የሰንበትም ትእዛዝ ዕረፍትን ለቤቱ ጌታ ብቻ አልሰጠም፤ ወንዱ ባሪያና ሴቲቱ ባሪያ፥ መጻተኛውና እንስሳው ሳይቀሩ እንዲያርፉ ነው እንጂ (ዘዳ. 5፥14)። ከዚህ የምንረዳው፥ በሌላው ድካም የተገዛች ዕረፍት ሙሉ ዕረፍት እንዳልኾነች ነው።

የገጠሩ ጎጆ የሚፈትነን በዚህ ላይ ነው። ባል ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ተራራውን ሲመለከት፥ ሚስት ሽንኩርት ስትልጥና ድስት ስታጥብ ከዋለች፥ እርሱ ዐረፈ፤ እርሷ ግን ማጀት ለወጠች እንጂ አላረፈችም። «እንዲህ ከኾነ ወደ ሆቴል መኼድ አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። በሆቴል ማረፍ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በዚያ ድካሙን ሌሎች ስለሚሸከሙት ባል የሚስቱን የዕለት ሥራ ሳያውቀው ይመለሳል። በጎጆው ግን ሥራው ለኹለት ሰው የሚበቃ ጥቂት ነው፤ አንዱ እሳት ሲያነድ ሌላው ሊጥ ያቦካል፥ አንዱ ሲያጥብ ሌላው ያደርቃል። ሥራ የሚያደክመው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ብቻውን የሚሸከመውን ሰው ይልቁን ያደክመዋል። ተካፍለው ሲሠሩት ግን ለጨዋታና ለምክር ጊዜ ይኾናል።

ደግሞ ጐረቤትን መዘንጋት አይገባም። በኮርንዋልና በሌክ ዲስትሪክት የዕረፍት ቤቶች ስለበዙ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ንሯል፤ የአገሩ ተወላጆች የኾኑ ወጣቶችም በተወለዱበት መንደር ጎጆ ለመውጣት ተቸግረዋል። ስለዚህ በዌልስ በ2023 ዓ.ም. የዕረፍት ቤት እንደ ንግድ ቤት ግብር እንዲከፍል በዓመት ቢያንስ 182 ቀን መከራየት እንዳለበት ተደነገገ፤ በእንግሊዝም ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በኹለተኛ ቤት ላይ ግብሩን እጥፍ ለማድረግ ተፈቀደላቸው። የፈረሰን ቤት ማደስና ቤተ ሰብ የሚኖርበትን ቤት ለእንግዳ ሲሉ ማስለቀቅ አንድ አይደሉም። ሕግ አከራዩን ይገታል፤ ተከራዩ ግን ራሱን ይጠይቅ፤ ስንቁንም ከመንደሩ ሱቅ ይግዛ፥ የመንደሩንም ሰላም ያክብር።

ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ በጎ ነገር የተከለከለ አይምሰለው። ልጆችን ለአያታቸው ሰጥቶ፥ በገዛ ቤት አንድ ቀን አብሮ አብስሎ አብሮ መብላት ይቻላል። ርቆ የኼደውም ቢኾን የዕረፍቱ ፍሬ የሚታወቀው ሲመለስ ነው። በጎጆው ሳሕን ያጠበ እጅ በቤቱም እንዳይሰንፍ፥ በዚያ የተጀመረው ጭውውት በዚህ እንዳይቋረጥ ባልና ሚስት ይጠንቀቁ፤ ዕረፍት የተሰጠችን ወደ ሥራችንና ወደ ፍቅራችን ታድሰን እንድንመለስ ነውና።