ደንገልና እምቦጭ

በባሕር ዳር ከተማ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ነበረ። ልጅነቱን አዲስ አበባ ሲማር ስካውት ነበር፤ የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነው። የስካውት ማኅበሩ ሲፈርስ ካኪ ልብሱ ለታናሽ ወንድሙ ተሰጠ። የአንገት ጨርቁን ግን እናቱ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችለት። ያ ጨርቅ ደርግን አለፈ፤ የመምህሩን ሠርግ፣ የልጆቹን ምረቃ፣ የሚስቱን ተዝካርም አለፈ።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ በሰፈሩ የስካውት ቡድን ሊቋቋም እንደሆነ፣ ልጆቹን የሚመራ ትልቅ ሰው ግን እንደጠፋ ሰማ። ሳጥኑን ከፈተ።

«ደመወዝ የለውም» አሉት።

«ደመወዝ ማን ጠየቀ? ለነፍሴ ነው» አለ።

24 ልጆች ተረከበ፤ ወንዶችም ሴቶችም። ሥርዓቱን ያውቀዋል። ባደን ፓወል የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔራል በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር፣ ለአራት ከፍሎ ለየምድቡ ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾሞ ነበር። መምህሩም ይህንን ተርኮላቸው ለአራት ከፈላቸው፦ ጉማሬ፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ደንገል። ደንገል የደረሳቸው ስድስቱ አኮረፉ። «ሌላው አውሬና ዓሣ ሲሆን እኛ ለምን ሣር እንሆናለን?» አሉ።

አለቆችም ተሾሙ። ሹመቱ ግን ለስም ነበር፤ ፊሽካው ከመምህሩ አንገት አልወረደም። ልጅ ገመድ ሲቋጥር ካየ «ቆይ፣ እንዲህ አይደለም» ይልና ፈትቶ ራሱ ይቋጥረዋል። ሸራውን የሚተክል እሱ፣ እሳቱን የሚያነድድ እሱ ነው። ልጆቹ ቆመው ያያሉ። ቅዳሜ ማለዳ በጣና ሐይቅ ዳር ተሰልፈው ሲያልፉ ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ ሥነ ሥርዓት ነው!» ይላል። መምህሩ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ገመዱን የገዛው ከጡረታው ነው፤ ለራበው ልጅም ዳቦ ይገዛል። የገዛውን ሁሉ ደግሞ በልቡ ደብተር ይጽፈዋል።

የልብ ደብተር ሲሞላ በአፍ ይፈሳል። አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ «ደህና ዋሉ» ብቻ ብላ ሄደች፤ ምስጋና አልጨመረችም። መዘገበው። አንድ አባት ልጁን አርፍዶ አመጣ። እሱንም መዘገበው። በመጨረሻ ከደንገል ምድብ አንድ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ቀረ። በሦስተኛው ሲመጣ መምህሩ በሰልፉ ፊት አቆመው።

«እኔ ያለ አንድ ሳንቲም ቅዳሜዬን ሰጥቼህ፣ ጉልበቴን ሰጥቼህ፣ አንተ ትቀራለህ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የአንገት ጨርቁን ፈታ፤ እንደተማረው ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ አጠፈው፤ በመምህሩ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ተሳድቦ ቢሄድ ኖሮ ይቀል ነበር። መምህሩን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣው የአስተጣጠፉ ጥራት ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጁን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ከተከመረ ደንገል አጠገብ አገኘው። አያቱ ታንኳ ይሠራሉ። ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። የአዛውንቱ ቀኝ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ልጁ ሁለት ቅዳሜ የት እንደዋለ መጠየቅ አላስፈለገም። ልጁ «እንኳን መጡ ጋሼ» አለና ሌላ እስር ሊያመጣ ሄደ።

«የቅዳሜው መምህር አንቱ ነዎት? ይቀመጡ» አሉ አዛውንቱ።

ተቀመጠ። የደረቀው ደንገል በእስር በእስር ይደረደራል፤ ጉልበት ይጫነዋል፤ በገመድ ይጠፈራል። ከወዲያ አንዲት አሮጌ ታንኳ በቁሟ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ያቺ ለምን ቆመች?»

«ውኃ ጠጥታ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ሳያደርቁ በላይ በላዩ ከሠሩባት ትከብድና ተሳፋሪዋን ይዛ ትወርዳለች። የዋለች ታንኳ ማደር ያለባት ደረቅ ላይ ነው።»

መምህሩ ወደ ጉዳዩ ገባ። ልጁ እንደቀረ፣ እንደተቆጣው፣ ጨርቁን እንደመለሰለት ነገራቸው። «እኔ እኮ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልም» አለ። «ለነፍሴ ነው።»

አዛውንቱ ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው በደህናው እጃቸው አጠበቁት።

«እኔ በጉልበቴ ሳለሁ ከዘጌ እንጨት አመላልስ ነበር፤ ወደ ደብረ ማርያምም ሰው አሻግር ነበር። የመሻገሪያዬን እቀበላለሁ። ተሳፋሪው እግሩ መሬት ሲረግጥ ሒሳባችን ያልቃል፤ እሱ ወደ መንገዱ፣ እኔ ወደ ታንኳዬ። የገንዘብ ደግነቱ ይህ ነው፤ ይቆጠራል፣ ያልቃል። አንቱ ብር አልተቀበሉም፤ ስለዚህ ሒሳቡ አላለቀም። ልጁ መሬት ረግጦም ከታንኳዎ አልወረደም። ለነፍስዎ ከሆነ ነፍስዎ ትቁጠረው፤ አፍዎ አይቁጠረው።»

መምህሩ ዝም አለ። አዛውንቱ ነፋስ ወደ ዳር የገፋውን አረንጓዴ በአገጫቸው አሳዩት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ጣናን የወረረው የእምቦጭ አረም ነበር።

«ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው» አለ መምህሩ፣ መምህር ነውና።

«ከየትም ይምጣ። መልኩን ይዩት። ሲያብብ ሐምራዊ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። ከሥሩ ግን ብርሃን የለም፤ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሥሩ መሬት ሳይዝ ይንሳፈፋል፤ የደረሰበትን ሁሉ ይሸፍናል። ደንገል ደግሞ ከዳር ቆሞ እግሩን ጭቃ ውስጥ ይተክላል። ዓሣ በመካከሉ ይራባል፤ ጫጩቱ ይደበቅበታል። ቆርጠው ሲያስሩትም ሰው ይሸከማል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው መምህር። ከሩቅ ላየ አንድ ይመስላሉ።»

የቀትር አዛን ተሰማ። አዛውንቱ እጃቸውን ከደንገሉ አንሥተው ለሶላት ተነሡ።

ልጁ እስሩን ተሸክሞ ሲመለስ መምህሩ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። «ይህ ያንተ ነው። የምትመጣው ዕዳ ኖሮብህ አይደለም፤ ስትችል ና።» ልጁ ጨርቁን ተቀበለ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሳይሆን በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ፤ የአያቱ እጅ ሲድን።

በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሌሊት በሐይቁ ዳር ሊሰፍር ተነሣ። መምህሩ አራቱን አለቆች ጠርቶ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ለደንገል አለቃ ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሰጣት።

«ሁለት ነገር ብቻ የእኔ ነው፤ ውኃውና ቁጥሩ» አላቸው። «እኔ ሳልኖር ውኃ የሚገባ የለም። ማታ ስትተኙ እቆጥራችኋለሁ፤ ጠዋት ስትነሡ እቆጥራችኋለሁ። ሌላው የእናንተ ነው።»

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም ባያልፍም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ጉማሬውም በሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። እንዲህ ያለውን አደራ ለልጅ ጥሎ «ነፃነት ሰጠኋቸው» የሚል ትልቅ ሰው ነፃነት አልሰጠም፤ ጥበቃውን ትቶ ሄደ እንጂ።

የቀረው ግን በእርግጥ የልጆቹ ሆነ። ሽሮው ከሥር አረረ፣ ከላይ ውኃ ሆነ። አምባዛዎች ጨው ረስተው ከጉማሬዎች ተበደሩ። መምህሩ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠ፤ እጁ አመሉን አይተውምና። እሱ የሚተኛበትን ሸራ ደንገሎች ሲተክሉ አንደኛው ቋጠሮ ልል እንደሆነ አየ። «ቆይ፣ እንዲህ አይደለም» የሚለው ቃል ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። ዋጠው።

እኩለ ሌሊት ነፋስ መጣና ሸራው እላዩ ላይ ወደቀ። መምህሩ በጨለማ ውስጥ፣ አፍንጫው ሸራ እየነካ፣ ሳይንቀሳቀስ አዳመጠ።

«ጋሼ ከሥር አሉ!»

«ቀስ በሉ፣ ተኝተዋል። ሳይነቁ እንትከለው።»

የባትሪ ብርሃን ሸራው ላይ ተራመደ። አንዱ ችካል ይፈልጋል፣ ሌላው ገመድ ይስባል። ከዚያ የታንኳ ሠሪው የልጅ ልጅ ድምፅ መጣ፦ «እንዲህ አይጠብቅም፤ ጉልበትህን ጫንበትና ሳብ።» ሸራው ተነሣ፤ እስኪነጋም አልወደቀም።

«ደህና አደሩ ጋሼ?» አሉት ጠዋት፣ እርስ በርስ እየተያዩ።

«እንደ ዛሬ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም» አለ። ቆጠራቸው፤ 24 ናቸው።

እምቦጭ ቢነቀልም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። መምህሩም ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ደብተሩ በልቡ ሲገለጥ ያገኘዋል፤ ምስጋና ያጓደለ ወላጅ ሲያይ፣ ሰላምታ የዘነጋ ልጅ ሲያልፈው። ያን ጊዜ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ደግሞ ሲበቅል ደግሞ ይነቅለዋል። እምቦጭን እንደሚነቅለው እንደ ጎንደርና እንደ ፎገራ ገበሬ፣ በእጁ።

ለልጆቹ የመንገድ ምልክቶችን አስተምሯቸው ነበር። ቀስት «በዚህ ሂዱ» ማለት ነው፤ መስቀለኛ «በዚህ አትሂዱ»፤ ክብ ሆኖ በመሐሉ ነጥብ ያለበት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ»። ባደን ፓወል በ1941 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ አርፎ ኒዬሪ በምትባል ከተማ ሲቀበር ይኸው ምልክት መቃብሩ ላይ እንደተቀረጸ ነግሯቸዋል።

በዓመቱ አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሲመጡ መምህሩ የለም። መሬቱ ላይ ክብ ተስሏል፤ በመሐሉ ነጥብ። የመቃብሩን ታሪክ ያስታወሰ አንድ ትንሽ ልጅ አለቀሰ። የደንገል አለቃ ፊሽካዋን ነፋች። አሰለፈቻቸው፤ ቆጠረቻቸው። «ዛሬ ውኃ አይገባም፤ ጋሼ የሉም» አለች። ቀኑን ሙሉ በደረቅ መሬት ቋጠሮ ሲለማመዱ ዋሉ። ከዛፉ ሥር ታንኳ ሠሪው አዛውንት ገመድ እየገመዱ፣ ዓይናቸውን ግን ከልጆቹ ሳይነቅሉ ተቀምጠው ነበር፤ መምህሩ ማለዳ መጥቶ አደራ ብሏቸዋል። ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቁት «ታንኳዬን ላደርቅ ነው» አላቸው።

ወደ ማታ ልጆቹ ተሰልፈው ቤቱ ሄዱ። ደህና ነው፤ ቡና ይጠጣል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም ጋሼ። 24 ነን። ውኃ የነካ የለም» አለች የደንገል አለቃ። ሌላ ወሬ ሳይጨምሩ ወደየቤታቸው ሄዱ። አመሰግናለሁ ያለ አንድም አልነበረም፤ መምህሩም ይህን ልብ ያለው ስኒው ከታጠበ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በአንተም ሰፈር ትልቅ ሰው የሚጠብቁ ልጆች ይኖራሉ። ሂድላቸው። ደመወዝ እንደሌለው አውቀህ ሂድ፤ በገንዘብ ያልተቀበልኸውን ከልጁ አንገት አትሰብስበው። ውኃውንና ቁጥሩን ያዝ፤ ፊሽካውን ስጥ። ያሻገርኸው ልጅ መሬት ሲረግጥ ይውረድ፤ አንተም ታንኳህን ከውኃ አውጥተህ ፀሐይ ላይ አቁማት።