አዋሽን የተከተለው

ከጊንጪ በላይ፣ አዋሽ ገና ልጅ ዘልሎ የሚሻገረው ጅረት በሆነበት አገር፣ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ጂቡቲ ወደብ ሥራ አለ ሲባል ሰምተው በሐምሌ ተነሡ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ደጁ ጭቃ፣ ሜዳው ውሃ ነበር። እናታቸው ለሁለቱም ጀሪካን አቀበለቻቸው። ታናሽየው ተቀበለ፤ ታላቅየው ሳቀ።

«እማዬ፣ ውሃው ራሱ አብሮኝ እየሄደ ምን ያሸክመኛል? አዋሽን ይዤ እወርዳለሁ። የወንዝ መጨረሻው ባሕር ነው፤ ጂቡቲ ደግሞ ያለችው ባሕሩ ዳር ነው።»

እንዳለውም ወንዙ ለብዙ ቀን አላሳፈረውም። መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን አለፉ። ወንዙ እየሰፋ፣ እየደፈረሰ አብሯቸው ወረደ፤ በጠማቸው ቁጥር ጎንበስ ብለው ጠጡ። የታናሽየው ጀሪካን መንገዱን ሁሉ ባዶውን ሲንኳኳ መጣ፤ ታላቅየውም በየማደሪያው አሾፈበት።

አሳይታ ላይ ግመሎቻቸውን የሚያጠጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኙ። ሽማግሌው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጆቼ፣ ይህ ወንዝ ባሕር አይደርስም። ከዚህ ወዲያ አቤ የሚባል ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ የሐይቁ ውሃ ጨው ነው። ውሃችሁን ከዚሁ ሙሉ። ወደ ጋላፊ መንገድ ውጡ፤ በሌሊት ተጓዙ፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ፈልጋችሁ ተኙ።»

ታናሽየው ጀሪካኑን ሞላ። «ወንድም ጋሼ፣ እኒህ ሰው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ እንስማቸው» አለ።

«እኔም ያደግሁት ከአዋሽ ጋር ነው» አለ ታላቅየው። «ባሕር ያልገባ ወንዝ የት ታይቶ ያውቃል?»

እዚያው ተለያዩ። ታላቅየው ወንዙን ተከተለ፤ ወንዙ ረግረግ ሆነ፣ ረግረጉ ሐይቅ ሆነ። ሰፊውን ውሃ ከሩቅ ሲያይ ባሕር የደረሰ መስሎት ሮጠ። ዳሩ ላይ የኖራ ድንጋይ ቁልሎች ቆመው እንፋሎት ይተፋሉ። ጎንበስ ብሎ ተጎነጨ፤ ወዲያው ተፋው። ጥላ ፈልጎ ማታን ቢጠብቅ ኖሮ ምናልባት በተረፈ። እሱ ግን ደንግጦ በቀትር ወደ መጣበት ተመለሰ። ጣፋጩ ውሃ ጋ ሳይደርስ ወደቀ፤ ያገኙት እረኞች ቀበሩት።

ታናሽየው በሌሊት እየተጓዘ ጋላፊንና ዲኪልን አልፎ ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ገባ። የአገሩ ልጆች ምግብ ቤት ተቀበሉት፤ ውሃ ከሰጡት በኋላ ወንድሙን ጠየቁት።

«አዋሽን ተከተለ» አለ።

የቤቱ ባለቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዬ ልጄ! አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ እዚህ ሰፈር ሕፃኑም ያውቃል እኮ!»

«እኛ የተወለድነው ምንጩ አጠገብ ነው እትዬ። መጨረሻውን ያዩትን ሰው ወንድሜ አላመናቸውም።»

ታላቅየው አዋሽን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን የጊንጪን አዋሽ፣ ያውም የሐምሌውን ነው። ሐምሌ ለደገኛ የጭቃና የጋቢ ወር ነው። በዚያው ወር ጂቡቲ ላይ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከተማው በቀትር ሱቁን ዘግቶ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ያርፋል። ደገኛ ይህን ስንፍና ይለው ይሆናል፤ እኔ ዕውቀት ነው እላለሁ። በደረቁ በረሃ ላብ ሳይታይ ስለሚተን ሰው ምን ያህል ውሃ እንደጎደለው አይሰማውም። ነፋሱ ቆሞ የባሕሩ እርጥበት ሲከብድ ደግሞ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ያልተነነ ላብ ገላን አያቀዘቅዝም። በእንዲህ ያለ ሙቀት የሚራመድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ሰውነቱ እጅ እየሰጠ ነው፤ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል።

ዛሬም ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ የተነሡ ልጆች ይህን አገር በእግራቸው ያቋርጣሉ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ባለው የአሳል የጨው ሐይቅ አካባቢ፣ በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት የየመን ጀልባ ይጠብቃሉ። በጥር 2011 ዓ.ም. በዚያው በኦቦክ አካባቢ ባለችው ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰምጠው ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። ደላላው ስለ ሳዑዲ ደመወዝ ሲያወራ ያመሻል፤ በጋላፊና በኦቦክ መካከል ውሃ የት እንዳለ ግን ትንፍሽ አይልም። ልጆቹም ዝናብ ካጠገበው ደጃፍ ስለሚነሡ መጠየቁ ትዝ አይላቸውም።

አንባቢዬ፣ ልጅህ ወይም ወንድምህ በዚህ ክረምት ልሂድ ብሎ ከተነሣ፣ ጂቡቲ የሚኖር ዘመድ ወይም በጋላፊ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ፈልገህ አገናኘው። ደመወዙን ትቶ ውሃውን ይጠይቅ፤ የት የት እንዳለ፣ በመካከሉ ስንት ሌሊት እንደሚያስኬድ። በሐምሌ ግን፣ ጀሪካን ቢይዝም ባይዝም፣ በዚያ መንገድ በእግሩ እንዳይሄድ ለምነው።