ሳልለምን የመጣው

ጥቅምት ላይ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ ሣር እያጨድኩ ማጭዱ የግራ ሌባ ጣቴን ሸረከተኝ። «እመብርሃን!» ብዬ ሻሼን ፈትቼ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ደሙ መጀመሪያ ተንዠቀዠቀ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ቀጥ አለ።

ቡራዩ በነርስነት የምትሠራው ልጄ ማታ ቁስሉን እያጠበች ነገሩን አስረዳችኝ። የተቆረጠው የደም ሥር ወዲያው ይኮማተራል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ቅንጣቶች የተቀደደው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ ቀዳዳውን ይወትፋሉ፤ ፋይብሪን የሚባል ክር ደግሞ በላያቸው መረብ ይሠራል። አንዷ ቅንጣት ከ10 ቀን በላይ እምብዛም አትኖርም። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ጤነኛው የሥር ግድግዳ ራሱ ቅንጣቶቹ እንዳይለጠፉ የሚከለክል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ባይከለክላቸው ደሜ በየሥሩ ረግቶ በገደለኝ።

ታዲያ ጸሎቴ ምን ሠራ? እመቤቴን ጠርቼ ሳልጨርስ ሥሬ ተኮማትሯል። መልስ አላገኘሁም ለማለት ግን አልደፍርም፤ መልሱ ከልመናዬ ቀድሞ ሥጋዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር እላለሁ። ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ያለችው፣ 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ግን ይህን አላገኘችም፤ ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ የኢየሱስን ልብስ እስክትነካ ጠበቀች። ሰበታ ያለችው የእህቴ ልጅም ፕሌትሌቷ አንሶ ድዷ ይደማል፤ ቅልጥሟ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ቀያይ ነጥብ ይወጣባታል። እኔ ሳልለምን የተሰጠኝን እሷ ተንበርክካ ትለምናለች። ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ የዳነውን ጣቴን እጥፍ አድርጌ እይዘዋለሁ።