ልጁ ጠየቀ፤ ማን መለሰለት?

ልጆቼ፣ የፋሲካ ገበታችሁ ያማረ ነው። ያልቦካው ቂጣ፣ ማጻው፣ ተሸፍኗል፣ ወይኑ ተቀድቷል፣ የሌሊቱ መጽሐፍ፣ ሐጋዳው፣ በየሰው ፊት ተዘርግቷል። ትንሹ ልጅ ይነሣና በመዋዕለ ሕፃናት ያስጠኑትን «ማ ኒሽታና» ያዜማል። እናንተ በስልክ ትቀርጻላችሁ። (በበዓል ስልክ መንካቱን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።) ይጨበጨብለታል፣ ጉንጩን ይሳማል። ከዚያስ? «ጎበዝ! በል አሁን ሂድ ተጫወት።» ልጁ እኮ ጠይቋል! ይህች ሌሊት ከሌሎቹ በምን ትለያለች ብሎ ጠይቋችሁ፣ አንዲት ቃል ሳትመልሱለት ታብሌት አስይዛችሁ ወደ ጓዳ ሰደዳችሁት።

«በሰላም እንድናነብ ነው» ትሉኛላችሁ። ለማን ነው የምታነቡት? በዘጸአት ምዕራፍ 12 የፋሲካው ሥርዓት ሲታዘዝ፣ ልጆች ሲጠይቁ የሚሰጠው መልስም አብሮ ታዝዟል። ሐጋዳው ከሚያነሣቸው አራት ልጆች አንዱ መጠየቅ እንኳ የማያውቅ ነው፤ ለእርሱም ወላጁ ራሱ ይጀምርለታል። ስለ ረቢ አኪባ በታልሙድ እንደሚነገረው፣ በፋሲካ ዋዜማ ለሕፃናት ቆሎና ለውዝ ያድል ነበር፤ እንዳይተኙና እንዲጠይቁ። ያ ሊቅ ልጆች ነቅተው እንዲያመሹ ደከመ፤ እናንተ ከገበታው እንዲርቁላችሁ ትደክማላችሁ።

እኛ ጎንደር ሳለን ሐጋዳም ታልሙድም አልነበረንም። ኦሪቱ ነበረን፤ ቄሶቻችን በግእዝ አንብበው በአማርኛ ይነግሩናል። ልጅ ግን ከበዓሉ ሥራ አይገለልም ነበር። ቄሱ በጉን ሲያርድ ቆመን እናያለን። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ አዲሱን ዕቃ አስቀድማ ሠርታ ተኩሳ ታቆይና አሮጌውን ምንቸት እያወጣች ለእኛ ትሰጠናለች፤ ከደጅ ወስደን እንሰብረዋለን። በሌላ ቀን አንዱን ብንሰብር ልምጩ አይቀርልንም! «ለምን ይሰበራል?» ስንላት፣ እጇ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ምንቸቱን እርሾ እንደነካው፣ አባቶቻችንም ከግብፅ ሲወጡ ሊጣቸው ሳይቦካ እንዴት እንደተጣደፉ ትነግረናለች። ቂጣው ሲጋገር ውኃ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። «ቶሎ በይ፣ ሊጡ እንዳይቦካ!» ትለኛለች። ምጣድ ላይ ያለው ሳይገለበጥ ሌላው ይለወሳል። መቸኮልን ያወቅሁት ከዚያ ምጣድ ሥር ነው።

ባራተኛ ፎቅ ቤት ሸክላ ስበሩ አልላችሁም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራባችኋል። መራራውን ቅጠል፣ ማሮሩን፣ ግን ልጁ ይቅመሰው፣ ፊቱም ይጨማደድ። ለመጨረሻ የሚቆየውን የማጻ ቁራሽ፣ አፊቆማኑን፣ ደብቆ ስጦታ ቢደራደርበት አትቆጡት፤ ለስጦታ ብሎ የነቃም ነቅቷል።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። በዚያው ገበታ ጥግ አያቱ ተቀምጣለች። ከአገር ቤት በሱዳን በኩል በእግሯ የወጣች ሴት ናት፤ በመንገድ ማንን እንደቀበረች እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ መውጣት መጽሐፍ ታነባላችሁ፤ የወጣችው እዚያው ተቀምጣ የሚጠይቃት የለም። የዕብራይስጡን ገጽ እንኳ የሚገልጥላት አጥታ ሰው አሜን ሲል አሜን ትላለች። ልጁ አማርኛ አይሰማም? እናንተ ትሰሙ የለም እንዴ! አስተርጉሙለት። በልጅነታችሁ በየክሊኒኩ፣ በየባንኩ ለወላጆቻችሁ ስታስተረጉሙ አልነበረም? ዛሬ ለምን አፋችሁ ተያዘ? እግዚአብሔር ለልጅህ ንገረው ያለው አባትንና እናትን ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህር አይደለም።

እንግዲህ ለከርሞ ልጁን ከሰዓት በኋላ አስተኙት፣ ማታ ነቅቶ እንዲቆይ። ከአያቱ ጎን አስቀምጡት። ጥያቄውን እንደጨረሰ አባቱ ይመልስለት፤ ቀጥሎ አያቱ ትናገር፣ እናቱ ታስተርጉም። ራቱ ቢዘገይ ይዘግይ፤ ወጡ ይሞቃል።