ሂላውን አታስተኙት

ባለፈው ጥቅምት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የሥዕል ደብተሩን ታቅፎ ቤቴ መጣ። እኔ ገንዳ ውኃ ላይ የሱቅ ታፔላ እየጻፍሁ፣ የአይሱዙ ቦዲ እየቀባሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬአለሁና የሠፈሩ ልጆች "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" ማለት ያበዛሉ። ገለጥሁት። አንደኛው ገጽ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሁለተኛው ጥድና ሐይቅ፣ ሦስተኛው አንበሳ፣ አራተኛው ዐፄ ቴዎድሮስ። (ለቋራ ጎረቤት ሆኖ ቴዎድሮስን ያልሳለ ልጅ የለም፤ የሁሉም ቴዎድሮስ ግን ከአንድ ፖስተር የተቀዳ ነው።) "በረዶ የት አየህ?" አልሁት። "በስልክ" አለኝ። ያን ጊዜ ከላያችን ፀሐዩ የጣራውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል።

አምስተኛው ገጽ ላይ የሰሊጥ ማሳ አገኘሁና ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ነዶው ሁሉ እንደ ጤፍ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"የማን ማሳ ነው?"

"የአባቴ።"

"እንግዲያው አባትህን አክስረኸዋል።"

መተማ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሰሊጥ ነዶ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህ ነው ሂላ የሚባለው። ሲደርቅ ፍሬው ከጫፉ ይከፈታል፤ ያስተኙት እንደሆነ ምርቱ መሬት ላይ ቀረ። ገልብጠው የሚያራግፉት ሸራ ከተነጠፈለት በኋላ ነው። ልጁ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ በትከሻው ተሸክሞታል። ግን ሊስል ሲቀመጥ ትዝ ያለው የትምህርት መጽሐፉ ላይ ያለው የጤፍ ነዶ ነው።

ልጆቼ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳላችሁ ሥራችሁ ይህን ማረም ነው። ቀለም ማማሩ፣ ጥላ መጣሉ በኋላ ይደርሳል። በቀን አንድ ገጽ፣ ፊት ለፊታችሁ ካለ ነገር፦ የተንበረከከች ግመል፣ ከጎንደር ደጋና ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ተኝቶ፣ ልጧ የተላጠ የዕጣን ዛፍ። ካበላሻችሁ አታጥፉት፤ አጠገቡ ድገሙት። ላጲስ የሚያበዛ ልጅ ስሕተቱ የት እንደሆነ ሳያውቅ ያድጋል።

ዕቃ የለም ትሉኛላችሁ። ከሱቅ የሚገዛው የውኃ ቀለም ዱቄቱ የሚያያዘው በምን ይመስላችኋል? በግራር ሙጫ ነው፤ እናንተ አገር ከግንዱ ላይ እየተለቀመ በኩንታል በሚሸጠው ሙጫ። ፍንካቹን በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ከምጣድ ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት አልማችሁ ለውሱበት፤ ጥቁር ቀለም አገኛችሁ። ሸንበቆ ቀርጻችሁ ብርዕ አድርጉ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀለማቸውን ራሳቸው እየበጠበጡ ነው የጻፉት።

ወረቀት የለም ለሚለኝ ደግሞ ከድንበሩ፣ ከገላባት ማዶ የበቀለውን ሰው እነግረዋለሁ። ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ይባላል፤ ኦምዱርማን የተወለደ ሱዳናዊ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ያለ ፍርድ ካርቱም ኮበር እስር ቤት ተወርውሮ ስድስት ወር ቆየ። እዚያ መጻፍም መሳልም ክልክል ነበር። እርሱ ግን በቁርጥራጭ ወረቀት እየሳለ፣ ጠባቂ ሲመጣ አሸዋ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ትንሿ ቁራጭ ስትሞላ ሥዕሉን በሌላ ቁራጭ ይቀጥላል። ከወጣ በኋላም ታላላቅ ሥራዎቹን በዚሁ መንገድ፣ ክፍሉን በክፍል ላይ እየገጠመ ሠራቸው። እናንተ የኬሻና የካርቶን አገር ናችሁ።

ኮሌጅን በተመለከተ፣ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለመግባት የክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ እጅም ይፈተናል። እጅ ብቻውንም አይበቃምና ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም እንዳትጥሉ። "ሠዓሊ ነኝ" ብሎ ከክፍል መቅረት የሰነፍ ሰበብ ነው።

ስትሄዱ ጎንደር ላይ እደሩና ደብረ ብርሃን ሥላሴን እዩ። የሱዳን ደርቡሾች በመተማ በኩል ገብተው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት መተማ ድረስ የወረዱትም በዚሁ ጦስ ነው። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዐይኑ ብቻ ይስሉ እንደነበር አትርሱ። ይህን ሕግ ሳያውቅ "ባህላዊ ሠዓሊ መሳል አይችልም" የሚል ጓደኛ ኮሌጅ ውስጥ ይገጥማችኋል፤ አትከተሉት።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ኮሌጅ ስገባ ከቆላ መምጣቴን ደበቅሁ። አንድ የማደንቃቸው መምህር በሰማያዊ ይሠሩ ነበር፤ እኔም ዓመታቱን ሁሉ በሰማያዊ ሠራሁ። የምረቃ ሥራዬ ሲታይ አንድ ተመልካች ሥዕሌን በጣም ወደደውና ሄዶ አመሰገነ፤ መምህሬን። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከእኔ የተሻሉትን ተመልከቱ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመቱ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር እንግሊዝ ተላከ፤ ወደ ሥዕል ዞሮ ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ተመርቆ፣ አገሩ ገብቶ ኤግዚቢሽን ካሳየ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄደ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የእኛን የብራና ሥዕሎች ሊያጠና! የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስተዋት የሠራው ከዚያ ወዲያ ነው። ኤል ሳላሂም እዚያው ስሌድ ተምሯል። ካርቱም ተመልሶ ሥራውን ሲያሳይ ሰው ፊቱን አዞረበት፤ ያን ጊዜ ገጠር ለገጠር እየዞረ የሕዝቡን ጌጥ አየ፤ በልጅነቱ በአባቱ ቁርኣን ቤት የተማረውን የዐረብኛ ጽሕፈት ሥዕሉ ውስጥ አስገባው። ሁለቱም የተዉትን ፍለጋ ተመልሰዋል። እናንተ ቀድማችሁ ብትይዙት ምን አለበት?

ለወላጆች "ሥዕል እንጀራ ነው" ብዬ አልዋሽም። ከእኔ ጋር ከተማሩት በሸራ ሥዕል ብቻ ቤት ያቆመ ጥቂት ነው። አብዛኛው መምህር፣ ማስታወቂያ ሠሪ፣ የመጽሐፍ ሥዕል ሠሪ ሆነ። እኔ ታፔላ ጻፍሁ፤ ልጆቼን አሳደግሁበት። ለአባታችሁ ይህን እንዳለ ንገሩት፤ የሚቆጣው ሲደበቅበት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ የሚገባ ስደተኛ ብዙ ነው። ፊታቸው ይስባችኋል፤ አውቃለሁ። ሳትጠይቁ አትሳሉ። እምቢ ያላችሁን ሰው ጎን ቁጭ በሉና ሻይ ጠጡ፤ ያ ቀን እንደባከነ አትቁጠሩት።

ያ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ሂላው ቆሟል፤ ጥላው ግን በተሳሳተ ጎን ወድቋል። ከሰዓት መሆኑን ረስቶት። በሉ፣ የዘንድሮው አጨዳ መስከረም ሲያልቅ ይጀምራል፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ በጧት ውጡ፣ ውኃ መያዝ እንዳትረሱ።